ካርዱ «3 ዲቢኤም» ሲል ምን ማለቱ ነው? በሊኑክስ ድራይቨሮች ላይ የዋይፋይ ማስተላለፊያ ኃይልን ስለ መፈተሽ

ጥያቄ፦ «ቸርችል ጎዳና ዳር ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለን። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ኡቡንቱ ጭኜበታለሁ፤ የዋይፋይ ካርዱ ሚዲያቴክ ኤምቲ7921 ነው። ራውተሩ ባለበት ክፍል ስሆን ችግር የለም፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ክፍል ስገባ ግን ይቆራረጣል፣ ፋይል መላክም ይዘገያል። የማስተላለፊያ ኃይሉን ስጠይቀው 3 ዲቢኤም ይለኛል። 30 እንዲሆን ባዝዘውም ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ዝም ይላል፤ ቁጥሩም ፈቀቅ አይልም። አንድ ባልደረባዬ የአገር ኮዱን ወደ ቦሊቪያ ቀይረው ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከቁጥሩ ልጀምር፤ ምክንያቱም ያሳሳተዎት እሱ ነው። 3 ዲቢኤም ማለት 2 ሚሊዋት ያህል ነው። ካርድዎ በእርግጥ በዚህ ኃይል እያስተላለፈ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ኮሪደሩ መጨረሻ እስኪደርሱ ባልታገሰዎት ነበር። ይህ 3 የተለካ ኃይል አይደለም፤ ከየት እንደመጣም የድራይቨሩን (ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ምንጭ ኮድ ገልጦ ያየ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። የእርስዎ ካርድ የሚጠቀምበት የኤምቲ76 ቤተሰብ ድራይቨሮች ስለ ኃይል ሲጠየቁ «አሁን ያለው ኃይል» የሚል አንድ የውስጥ መዝገብ ያነባሉ፤ መዝገቡ የሚቆጥረው በግማሽ ዴሲቤል ነው። በላዩም የአንቴናዎቹን ብዛት ያገናዘበ ጭማሪ ይደምራሉ፤ ሁለት አንቴና ላለው ካርድ ጭማሪው 6 ግማሽ ዴሲቤል፣ ማለትም 3 ዴሲቤል ነው። በኤምቲ7921 ላይ ኃይሉን የሚወስነው ካርዱ ውስጥ ያለው ፈርምዌር፣ ማለትም የካርዱ የራሱ ፕሮግራም፣ በመሆኑ፣ ድራይቨሩ ያንን መዝገብ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላው ኖሯል። ያልተሞላ መዝገብ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ላይ 3 ሲደመር 3 ይሆናል። እርስዎ ያነበቡት እንግዲህ የካርዱን ኃይል ሳይሆን የአንቴናዎቹን ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። ይህንኑ የሚያርም ማስተካከያ ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ የገባው ዘግይቶ ስለሆነ የቆየ ከርነል ያላቸው ሰዎች ሁሉ ይህንኑ 3 ያያሉ። የእርስዎን የከርነል ስሪት አልጻፉልኝም፤ ግን ከዚሁ ቁጥር ተነሥቼ የቆየ ነው ብዬ ብገምት ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ላፕቶፕዎ ማያ ጥግ ላይ የሚያሳይዎት የምልክት ጥንካሬ የራውተሩን ኃይል እንጂ የእርስዎን ካርድ ኃይል አይነግርም። ካርድዎ የሚሰማው ራውተሩን ነው፤ የእርስዎን ካርድ የሚሰማው ደግሞ ራውተሩ ነው። ስለዚህ የማስተላለፊያ ኃይልን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በራስዎ ማያ ላይ ለውጥ መጠበቅ ሰው ድምፁ ምን ያህል እንደሚሰማ ለማወቅ የራሱን ጆሮ እንደ መጠየቅ ነው። ለውጡ የሚታየው ከማዶ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ፍተሻ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ስለ 30ው ትእዛዝ። ዲቢኤም በሎጋሪዝም ስሌት የሚሄድ መለኪያ ነው፤ 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት፣ 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት፣ 30 ዲቢኤም 1 ዋት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመሩ ቁጥር ኃይሉ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨምሩ 10 እጥፍ። ስለዚህ ከ20 ወደ 30 ማለት «ትንሽ ከፍ» ማለት ሳይሆን በሻማ ምትክ ባውዛ መጠየቅ ነው፤ ለላፕቶፕ የተሠራ ካርድ ደግሞ ባውዛ የለውም።

ታዲያ ለምን እምቢ አላለም? በሊኑክስ ውስጥ የገመድ አልባ ሥርዓቱ የሚሠራው ከተለያዩ ወገኖች የሚመጡለትን ጣሪያዎች ሰብስቦ ዝቅተኛውን በመውሰድ ነው። አንዱ ጣሪያ በአገር ኮድ (የየትኛውን አገር የሬዲዮ ደንብ መከተል እንዳለበት በሚነግረው አጭር ምልክት) የተወሰነው የቻናሉ ከፍተኛ ኃይል ነው። ሌላው እርስዎ በትእዛዝ የሰጡት ቁጥር ነው። ሦስተኛው ራውተሩ በየጊዜው በሚለቀው ቢከን (ራሱን በሚያስተዋውቅበት አጭር መልእክት) ላይ «በኔ ዙሪያ ከዚህ በላይ አታስተላልፉ» ብሎ የሚያውጀው ገደብ ነው፤ በተለይ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ አንዳንድ ራውተሮች ይህን ያደርጋሉ፣ ባለቤቶቻቸውም አያውቁትም። ከእነዚህ በታች ደግሞ ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈበት የልኬት ሰንጠረዥ አለ፤ ላፕቶፕ ከሆነም ሰውነት የሚቀበለውን ጨረር ለመገደብ በባዮሱ በኩል የሚሰጥ ሌላ ገደብ ይኖራል። እርስዎ 30 ሲሉ ሥርዓቱ ጥያቄዎን ተቀብሎ መዝግቦታል፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር አወዳድሮ ዝቅተኛውን ወስዷል። ከእርሱ እይታ አንጻር ስህተት አልተፈጸመም፤ ስለዚህም ዝም አለ።

በነገራችን ላይ አዲሱ የዋይፋይ ማዘዣ ፕሮግራም፣ አይደብሊው የሚባለው፣ ኃይልን የሚቀበለው በዲቢኤም ሳይሆን በመቶኛው ነው፤ 15 ዲቢኤም ለማዘዝ 1500 ብለው ይጽፋሉ። ሰው ይህን ሳያውቅ 15 ብሎ ይጽፍና «ይህ አሠራር አይደገፍም» የሚል፣ ቁጥሩም ከዜሮ በታች 95 የሆነ ስህተት ይመለስለታል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ድራይቨሩ ኃይልን መቆጣጠር አይችልም ብለው ይደመድማሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ሥርዓቱ የሚቀበለው ሙሉ ዲቢኤም ብቻ ስለሆነ በ100 ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ሁሉ ይህንኑ ስህተት ያመጣል፤ 1550 ብለው ቢጽፉም ያው ነው። ድራይቨሩን ከመውቀስዎ በፊት ስለዚህ በ1500 ይሞክሩት። የድሮውን አይደብሊው ኮንፊግ ደግሞ ይተዉት፤ የተሠራው ላለፈው ሥርዓት ነው፣ በአዳዲስ ካርዶች ላይ የሚያሳየው ቁጥርም አያስተማምንም።

ወደ አገር ኮዱ ልለፍ። የቦሊቪያው ምክር ያረጀ ነው። በአንድ ወቅት ሊኑክስ በሚጠቀምበት የሬዲዮ ደንቦች መረጃ ቋት ላይ በቦሊቪያ ስር ለ2.4 ጊጋኸርዝ 30 ዲቢኤም ተጽፎ ስለነበር ሰዎች በዚያ በኩል ጣሪያውን ለማንሣት ይሞክሩ ነበር። አንዱን ጣሪያ ማንሣት ግን ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሌሎቹን አያነሣም፤ የካርዱ የልኬት ሰንጠረዥ የት አገር እንዳሉ አይጠይቅም። ለጊዜው ቢሠራ እንኳ ያተረፉት ከተፈቀደው በላይ ማስተላለፍ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ ከላይና ከታች ፎቅ ያሉ ጎረቤቶችዎ በዚያው ሞገድ ላይ ይሠራሉ፤ እርስዎ ሲጮኹ እነሱም ይጮኻሉ፣ በመጨረሻ ማንም ማንን አይሰማም።

ትክክለኛው ኮድ ኢቲ ነው። በተርሚናል ላይ «አይደብሊው ሬግ ጌት» የሚለውን ትእዛዝ፣ በላቲን ፊደል ጽፈው፣ ይስጡትና የሚመልስልዎትን ያንብቡ። 00 ካለ «የት እንዳለሁ አላውቅም» ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ በየትም አገር የሚፈቀደውን ብቻ ይሠራል፣ በብዙ ቻናሎችም ላይ ቀድሞ እንዳይናገር ይከለከላል። 98 ካለ ሁለት የተለያዩ ደንቦች ተጋጭተው የጋራ የሆነው ብቻ ተወስዷል፤ ይህ ላፕቶፑ አንድ አገር፣ ራውተሩ ሌላ አገር ነኝ ሲሉ የሚታይ ነው። ከውጭ በሻንጣ የገባ ራውተር የሌላ አገር ኮድ እያወጀ ሲሠራ ማየት በኛ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የራውተሩንም ቅንብር ከፍተው ይመልከቱ። ዩኤስ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በአሜሪካ ደንብ ላፕቶፑ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ብቻ ስለሚያይ ራውተሩ በራሱ ጊዜ ወደ 12 ወይም 13 ሲዛወር «ዋይፋዩ ጠፋ» ያሰኛል። ኮዱን ቋሚ ለማድረግ ሲኤፍጂ80211 ለሚባለው ሞጁል የአገር ኮዱን በማስነሻ ቅንብር ላይ መስጠት ይበቃል። ከከርነል 4.15 ጀምሮ የደንቦቹን ፋይል ከርነሉ ራሱ ያነባል፤ በዲሜሴጅ፣ ማለትም በከርነሉ የመልእክት መዝገብ፣ ላይ «ሬጉላቶሪ ዲቢ» የሚባለውን ፋይል መጫን አልተቻለም የሚል መስመር ካዩ የደንቦቹ ጥቅል አልተጫነም ማለት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይጫኑ፤ ያለ እርሱ ኢቲ ብለው ቢያዙም ሰሚ የለም።

ይህን የሚያነብ ሌላ ካርድ ያለው ሰውም ሊኖር ስለሚችል ባጭሩ ላክል። የኢንቴል አዳዲስ ካርዶች የአገር ኮድን ከእርስዎ አይቀበሉም፤ በዙሪያቸው የሚሰሙትን ራውተሮች አይተው ፈርምዌሩ ራሱ ይወስናል። በዚያው ትእዛዝ መልስ ላይ «ራሱን የሚያስተዳድር» የሚል ቃል ከካርዱ ስም አጠገብ ካለ ኮድ ለመቀየር ጊዜዎን አያጥፉ። የአቴሮስ ካርዶች በውስጣቸው የተጻፈውን አገር ያከብራሉ፤ እርስዎ የሚሰጡት ትእዛዝ ያንን ሊያጠብበው እንጂ ሊያሰፋው አይችልም። ከመርካቶ የሚገዙት የሪልቴክ ዩኤስቢ ካርዶች፣ በተለይ ድራይቨራቸው ከከርነሉ ውጭ ተጠናቅሮ የሚጫን ከሆነ፣ ስለ ኃይል የሚናገሩትን ቁጥር ማመን አይገባም፤ ከዜሮ በታች 100 ዲቢኤም የሚል መልስ የሰጠ ካርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ካርቶናቸው ላይ «3000 ሚሊዋት» ብለው የሚጽፉትን ማመን ደግሞ የበለጠ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ፍተሻ። ለዚህ የሚያስፈልግዎት ራውተሩ የተገናኙትን መሣሪያዎች የምልክት ጥንካሬ የሚያሳይ መሆኑ ነው፤ ይህን የማያሳይ ከሆነ ሌላ ላፕቶፕ በአድማጭ ሁኔታ፣ ማለትም በሞኒተር ሞድ፣ አስቀምጠው የእርስዎን ካርድ ፍሬሞች፣ ማለትም በሞገድ የሚልካቸውን የመረጃ ቁራጮች፣ ይለኩ። ላፕቶፕዎን ከአድማጩ (ከራውተሩ ወይም ከሁለተኛው ላፕቶፕ) 5 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ በጣም ቢያቀርቡት ተቀባዩ ይጠግብና ልዩነቱን ይደብቅብዎታል። ለግምት ያህል፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ግልጽ በሆነ ቦታ የመጀመሪያው 1 ሜትር ብቻ 40 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል፣ 5 ሜትር ላይ 54 ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ 20 ዲቢኤም የሚያስተላልፍ ካርድ ከዜሮ በታች 34 አካባቢ ይነበባል፤ ግድግዳና የጠረጴዛ ብረት ሲገቡበት ከዚያ ይወርዳል። ፍጹም ቁጥሩን ግን አይመኑት፤ የሚፈልጉት ልዩነቱን ነው።

ቀጥሎ ኃይሉን 5 ዲቢኤም ያድርጉትና አንድ ደቂቃ ያህል ፋይል እየላኩ ንባቡን ይመዝግቡ። ከዚያ ላፕቶፑን ሳይነኩ፣ እርስዎም ቦታዎን ሳይቀይሩ፣ 10 ከዚያም 20 ያድርጉት። የሰው ሰውነት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ በመካከል አንድ ሰው ሲያልፍ ንባቡ በብዙ ዴሲቤል ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ነጠላ ንባብ ሳይሆን የብዙ ንባቦች አማካይ ይውሰዱ፤ ከተቻለም ቢሮው ባዶ በሚሆንበት የምሳ ሰዓት ይሥሩት። ከ5 ወደ 10 ሲሄዱ አድማጩ ዘንድ 5 ዴሲቤል ገደማ ከጨመረ ድራይቨሩ ትእዛዝዎን ይፈጽማል፤ ማያው ላይ 3 እያለ ቢቀጥልም ግድ የለም። ከ10 ወደ 20 ሲሄዱ ጭማሪው 10 ሳይሆን 5 ወይም 6 ብቻ ከሆነ በመካከል ካሉት ጣሪያዎች አንዱን ነክተዋል፤ የካርዱ ትክክለኛ ጣሪያም 15 ወይም 16 አካባቢ መሆኑን በዚህ አወቁ። በሦስቱም ላይ ምንም ለውጥ ከሌለ ብቻ ነው ድራይቨሩ ወይም ፈርምዌሩ ትእዛዙን እየጣለ ነው ማለት የሚቻለው፤ ያን ጊዜ ከርነሉንና የፈርምዌር ጥቅሉን አንድ ላይ ያሳድጉ፤ አንዱን ብቻ አሳድጎ ሌላውን መተው ሌላ ችግር ይወልዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ካርድ በሁሉም ፍጥነት በአንድ ኃይል አያስተላልፍም። ፍጥነቱ ሲጨምር ምልክቱ ረቂቅ ስለሚሆን ማጉያው ሳያዛባው እንዲያልፍ ኃይሉ ይቀነሳል፤ በዝቅተኛ ፍጥነት 18 የሚያወጣ ካርድ በከፍተኛው ፍጥነት 13 ወይም 14 ቢያወጣ የተለመደ ነው። በፍተሻው ወቅት ፍጥነቱ ከተለዋወጠብዎት ንባቡም አብሮ ይለዋወጣልና በአድማጩ በኩል ተመሳሳይ ፍጥነት ያላቸውን ፍሬሞች ብቻ ያወዳድሩ። ይህ ኃይልን መጨመር ለምን ሁልጊዜ እንደማይረዳም ያሳያል፤ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ ቢገፉት ምልክቱ ይዛባና ፍጥነቱ ይባስ ይወርዳል።

ፍተሻው ኃይሉ ጤነኛ ነው ካለዎት፣ እኔም እንደዚያ እንደሚል እጠብቃለሁ፣ የኮሪደሩን ችግር በሌላ በኩል መፈለግ አለብዎት። ችግሩ ባለበት ክፍል ሆነው «አይደብሊው ዴቭ» ከሚለው ትእዛዝ ሥር «ስቴሽን ደምፕ» የሚባለውን ያሂዱና ሁለት ወገን አድርገው ያንብቡት። የመቀበያው ፍጥነት ጥሩ ሆኖ የማስተላለፊያው ብቻ ዝቅ ካለ፣ ድጋሚ የተላኩትና ያልደረሱት ፍሬሞች ቁጥርም በፍጥነት እየጨመረ ከሄደ፣ እርስዎ ራውተሩን ይሰሙታል፣ ራውተሩ ግን እርስዎን አይሰማም፤ የኃይል ጉዳይ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ጉዳዩ ርቀት፣ ግድግዳ ወይም የሞገድ መጨናነቅ ነውና ካርዱን ይተዉት።

ምልክቱ ደህና ሆኖ ግንኙነቱ ብቻ በየመካከሉ የሚቋረጥ ከሆነ ደግሞ ከስም መመሳሰል ይጠንቀቁ። «የኃይል ቁጠባ» የሚባለው ቅንብር ከማስተላለፊያ ኃይል ጋር ዝምድና የለውም፤ ካርዱ በሥራ መካከል እንዲያሸልብ የሚያደርግ ነው። በኡቡንቱ ላይ ኔትወርክ ማናጀር ብዙውን ጊዜ ያበራዋል፤ አጥፍተውት ለአንድ ቀን ይሥሩ። በኤምቲ7921 ላይ ደግሞ ካርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው የፒሲአይ መስመር የሚያሸልብበት ኤኤስፒኤም የሚባል ቅንብር አለ፤ ድራይቨሩ ይህን የሚያጠፋ አማራጭ ያለው በከንቱ አይደለም። የእርስዎን መቆራረጥ በተመለከተ ውርርድ ብገባ ከኃይሉ ይልቅ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው የምወራረደው።

ስለ ሕንፃውም አንድ ነገር ልበል። አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ቢሮ ልክ እንደ እርስዎ «ካርዱ ደካማ ነው» ተብዬ ተጠርቼ ሁለት ቀን ሙሉ ድራይቨር ስቀያይር ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ራውተሩ የተቀመጠው ከብረት የፋይል ሳጥን ጀርባ መሆኑን አየሁ፤ ሳጥኑን ያስቀመጡት ራውተሩ ከተተከለ በኋላ ነበር። እዚያ ያጠፋሁትን ሁለት ቀን እስካሁን አልረሳውም። ቸርችል ላይ ባሉት ሕንፃዎች ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ፣ የሊፍት ጉድጓድና የብረት በር በኮሪደሩ መካከል ይገኛሉ፤ ሊፍቱ በእርስዎና በራውተሩ መካከል ከሆነ ሙሉ ዋት እንኳ ብዙ አይረዳም። በተጨማሪ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የሕንፃው ራውተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ቻናል ስለሚመርጡ ብዙዎቹ አንድ ላይ ይሰፍራሉ። የእርስዎን ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1፣ 6 እና 11 ጎረቤት በሚያንስበት አንዱ ላይ ያስሩት፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉት። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቋሚ ሠራተኛ ካለ ግን ኬብል ስበው ሁለተኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ይትከሉ፤ ከማንኛውም የኃይል ጨዋታ በርካሽ ይገላግልዎታል።

ፍተሻውን ከሠሩ በኋላ የሦስቱን ንባቦች አማካይ፣ የአገር ኮዱን መልስ፣ የከርነሉን ስሪትና ከኮሪደሩ መጨረሻ ያነበቡትን የስቴሽን ደምፕ ይላኩልኝ፤ የኃይል ቁጠባው ሲበራና ሲጠፋ ያዩትን ልዩነትም አብረው ይጻፉት።